ከማስቲሽና ከቤንዚን ጋር የሚውል ሠራተኛ ደሙን የሚጠብቅበት መመሪያ

በመርካቶ ዙሪያ ባሉት ጠባብ የጫማ መሥሪያ ክፍሎች ተቀምጣችሁ ከጠዋት እስከ ማታ ቆዳውን ከሶሉ ጋር በማስቲሽ የምታጣብቁ፣ በየጋራዡ የሞተር ዕቃ በቤንዚን የምታጥቡ፣ መኪና በስፕሬይ የምትቀቡ፣ በማደያ ቆማችሁ ነዳጅ የምትቀዱ፣ ቁም ሣጥንና አልጋ በቫርኒሽ የምታስጌጡ ወንድሞችና እኅቶች ሁሉ አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ትጠይቃላችሁ፤ ይኸውም «ይህ ቀኑን ሙሉ የምስበው ሽታ የደም ካንሰር ያመጣል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ነውን? እውነትስ ከሆነ እንጀራዬን ትቼ ወዴት ልሂድ?» የሚል ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ አዎን፣ ሊያመጣ ይችላል የሚል ነው፤ ለሁለተኛው ግን መልሱ ሥራን መተው ሳይሆን የአሠራርን ሥርዓት መለወጥ ስለ ሆነ፣ ከዚህ በታች በተራ ቁጥር የተጻፈውን በትዕግሥት አንብባችሁ በየሥራ ቦታችሁ እንድትፈጽሙት እለምናችኋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ጠላትን በስሙ ለይቶ ማወቅ ይገባል። መኪና የሚነዳበት ቤንዚን የብዙ ፈሳሾች ቅይጥ ሲሆን፣ በውስጡ ከሚገኙት አንዱ በኬሚስቶች ዘንድ ቤንዜን ይባላል፤ ሁለቱ ስሞች በአንዲት ፊደል ብቻ ስለሚለያዩ አንዱ በሌላው እየተተካ ይነገራልና እናንተ ግን ለይታችሁ ያዙት። ይኸው ቤንዜን በአንዳንድ ማስቲሽና ቲነር ውስጥም ይገኛል። በትንፋሽ ከገባ በኋላ ጉበት ሲደርስ ወደ ሌሎች መርዞች ይለወጣል፤ እነዚህም ደም ወደሚፈጠርበት ወደ አጥንት መቅኔ ዘልቀው፣ ቀዩንም ነጩንም የደም ሕዋስ የሚወልዱትን እናት ሕዋሳት ይጎዳሉ። ጉዳቱ አስቀድሞ እንደ ደም ማነስ ሊገለጥ ይችላል፤ የተጎዳው ሕዋስ ሥርዓቱን ስቶ ያለ ልክ መባዛት ከጀመረ ግን ሉኪሚያ የተባለው የደም ካንሰር ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ቤንዜንን በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው የተረጋገጠ ነገሮች ባሉበት በአንደኛው ምድብ ያስገባው ስለዚህ ነው፤ በኢስታንቡል ከተማም በቤንዜን በተሠራ ማስቲሽ ይጠቀሙ በነበሩ ጫማ ሠሪዎች ላይ ሉኪሚያ በዝቶ መታየቱን ሐኪሞች መዝግበዋል።

ይህን የምናገረው ለማስደንገጥ አይደለም። በዚህ ሥራ ከሚውሉት ሰዎች የሚበዙት ይህ ደዌ አይደርስባቸውም፤ አደጋው የሚያድገው በትንፋሽ በሚገባው መጠንና ሥራው በሚፈጀው የዓመት ብዛት ነው። መጠኑን መቀነስ ደግሞ፣ ከጥቂቱ ነገር በቀር፣ በእጃችሁ ነው።

1ኛ፤ ደብተር ክፈቱ

ለዚህ አንድ ተራ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይበቃል። በመጀመሪያው ገጽ ሥራውን የጀመራችሁበትን ወርና ዓመተ ምሕረት፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደምትሠሩ፣ በክፍሉ ስንት ሰው እንደሚቀመጥና ስንት መስኮት እንዳለው ጻፉ፤ በሁለተኛው ገጽ የምትነኩትን ፈሳሽ ሁሉ በቆርቆሮው ላይ እንደ ተጻፈው ስሙን፣ የተሠራበትን አገር፣ በሳምንትም ምን ያህል እንደምትጨርሱ መዝግቡ። የሥራ ቦታ ወይም የማስቲሽ ዓይነት በለወጣችሁ ቁጥር አዲስ ገጽ ጀምሩ።

ይህ ትንሽ ነገር የሚመስላችሁ ብዙዎች ናችሁ፤ እኔ ግን ከሁሉ ያስቀደምሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ሕመም እንደ ቃጠሎ ዛሬ ነክቶ ዛሬ የሚታይ ሳይሆን፣ ከጥቂት ዓመታት እስከ ብዙ ዓመታት ተሰውሮ ቆይቶ የሚገለጥ ነው፤ በተገለጠም ጊዜ ክፍሉ ተዘግቶ፣ አሠሪው አድራሻውን ለውጦ፣ ቆርቆሮውም ከተጣለ ዘመን አልፎት ስለሚገኝ፣ ሠራተኛው ምን ይነካ እንደ ነበር ራሱም ረስቶት፣ ሐኪሙም ሳይጠይቀው፣ የሕመሙ ምክንያት ከነምስክሩ ይጠፋል። ደብተሩ ይህን ምስክር ያቆይላችኋል።

የቆርቆሮውን ጽሑፍ ስታነቡ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛው 71-43-2 የሚለው ቁጥር ነው፤ ይህ ቁጥር በየትም አገር፣ በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ የቤንዜን መለያ ስለ ሆነ፣ የውጭ ቋንቋ የማያነብ ሰው እንኳ ሊለየው ይችላል። ሁለተኛው በቀይ መስመር በተከበበ ባለ አራት ማዕዘን ውስጥ የተሣለ፣ ደረቱ ላይ እንደ ኮከብ የፈነጠቀ ነጭ ምልክት ያለበት የሰው ምስል ነው፤ ይህም ዕቃው ለረጅም ጊዜ ጤናን እንደሚጎዳ፣ ካንሰርንም ሊያመጣ እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ነው። ሻጩን የደኅንነት መረጃ ወረቀቱን ጠይቁት፤ አስመጪው ሊኖረው ይገባል።

በዚህ ደረጃ የሚፈጸመው የተለመደ ስሕተት ማስቲሽና ቲነር ከትልቅ በርሜል በሃይላንድ ተቀድቶ ሲሸጥ መግዛት ነው። ምልክትም ስምም የሌለው ፈሳሽ ምን እንደ ሆነ የሚያውቀው የለም፤ የውኃ መጠጫ ፕላስቲክ ውስጥ መቀመጡም ሕፃን ወይም የጠማው ሰው ሳያስተውል እንዲጠጣው ያደርጋል። ሌላው ስሕተት አፍንጫን ዳኛ ማድረግ ነው። የአሜሪካ ሕግ ሠራተኛ በስምንት ሰዓት ሥራ ውስጥ በአማካይ እንዲስበው የሚፈቅደው የቤንዜን መጠን ከአየሩ ሚሊዮን እጅ አንድ እጅ ብቻ ሲሆን፣ የብዙ ሰው አፍንጫ ሽታውን የሚለየው መጠኑ ከዚህ ካለፈ በኋላ ነው፤ ሽታውም ጥቂት ሰዓት ከቆየ በኋላ ስለሚለመድ፣ «አሁንስ አይሸተኝም» ማለት አየሩ ጠራ ማለት አይደለም።

2ኛ፤ የሚለወጠውን ለውጡ

መርዝን ከመከላከል ይልቅ መርዙን ከቤት ማስወጣት ይሻላል። በጋራዥ ያላችሁ፣ የሞተር ዕቃን በቤንዚን ማጠብ ዛሬውኑ ተዉ። በውኃ የሚሟሟ የቅባት ማጽጃ ሳሙና፣ ሙቅ ውኃና ጠንካራ ብሩሽ ከሥራው አብዛኛውን ይፈጽማል፤ ይህ ለማይበቃው ዕቃ ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ ተጠቀሙ፤ በእነዚህ ውስጥ የሚገኘው ቤንዜን በቤንዚን ውስጥ ካለው እጅግ ያነሰ ነውና። እነርሱም ቢሆኑ ቆዳን ያደርቃሉ፣ በእሳትም ይያያዛሉ፤ ስለዚህ የተሻለ ናቸው እንጂ ንጹሕ ናቸው አላልሁም።

በጫማ ሥራ ያላችሁ፣ ለአንዳንዱ ማጣበቂያ በውኃ የተሠራ ማስቲሽ ይበቃል፤ የሶሉን ሥራ ግን በዚህ መተካት ሁልጊዜ አይቻልምና፣ እንዲህ በሆነ ጊዜ ቤንዜን የሌለበት መሆኑ በወረቀት የተረጋገጠውን ምረጡ። ቤንዜን የለበትም የተባለው ማስቲሽ ግን ፈጽሞ የማይጎዳ እንዳይመስላችሁ፤ በውስጡ ሊገኝ የሚችለው ሄክሴን የተባለው ማሟሚያ መራመድ እስኪያስቸግር ድረስ የእጅና የእግር ነርቭን ሊጎዳ ይችላል። በዋጋ ረገድ ርካሹ ማስቲሽ ያጓጓል፤ ነገር ግን የአንድ ወር ልዩነቱን አስልታችሁ በክፍሉ ላሉት ሠራተኞች ብታካፍሉት ብዙውን ጊዜ እንደ ተፈራው የሚከብድ ሆኖ አይገኝም፤ አሠሪዎችም ይህን ሒሳብ ከሠራተኞቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ እንድትሠሩ አሳስባለሁ።

3ኛ፤ ትነቱን ከፊታችሁ አርቁ

ከደረጃዎች ሁሉ ሰፊ ትኩረት የሚሻው ይህ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛው ቤንዜን የሚገባው በትንፋሽ ነው። የቤንዜን ትነት ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይከብዳል፤ ስለዚህ ወደ ላይ ወጥቶ በጣሪያ ቀዳዳ እንደሚሄድ ጢስ ሳይሆን፣ በወለሉ ላይ እንደ ውኃ ይተኛል። በዝቅተኛ በርጩማ ተቀምጦ የሚሠራ ጫማ ሠሪና በመኪና ጉድጓድ ውስጥ የወረደ መካኒክ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት ስለዚህ ነው። ከፍ ያለ መስኮት ብቻ መክፈት አይበቃም፤ በሩም እስከ ታች ተከፍቶ፣ በተቃራኒው ግድግዳ ዝቅ ያለ የአየር መውጫ ሊኖር ይገባል። በጉድጓድ ውስጥ ቤንዚን አታፍስሱ፣ ዕቃም አትጠቡ።

ቬንቲሌተር ካላችሁ የአየሩን ጉዞ ተከታተሉ። ንጹሑ አየር ከበስተኋላችሁ መጥቶ፣ በእናንተ በኩል አልፎ፣ ትነቱን ይዞ በፊት ለፊታችሁ በኩል ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ብዙ ቦታ የሚታየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ቬንቲሌተሩ ከማስቲሹ ጠረጴዛ ኋላ ተተክሎ ትነቱን በሠራተኛው ፊት ላይ ይነፋዋል፣ ወይም ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ የተበከለውን አየር በክፍሉ ውስጥ ያማስለዋል እንጂ አያወጣውም። ትንሽ ክር ወይም ቀጭን ወረቀት አንጠልጥላችሁ ወዴት እንደሚያዘነብል ብታዩ የአየሩን መንገድ ወዲያው ታውቁታላችሁ። የቤንዚን ትነት ከኤሌክትሪክ ብልጭታ እሳት ስለሚይዝ፣ ትነቱ በሚያልፍበት መንገድ ተራ ሞተር ያለው ቬንቲሌተር ማቆም አደገኛ ነው፤ አተካከሉን የሚያውቅ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አማክሩ።

ከዚህ ቀጥሎ ገንዘብ የማይጠይቀው ነገር አለ፤ እርሱም ክዳን ነው። የማስቲሽ ቆርቆሮ አፉን ከፍቶ ሲውል፣ ማንም ሳይሠራበት እንኳ ቀኑን ሙሉ ይተናል። ለሥራ የሚበቃችሁን ብቻ በትንሽ ጣሳ ቀድታችሁ፣ ክዳኑን ብሩሹ በሚያልፍበት መጠን ብቻ ብሱት፤ ትልቁን ቆርቆሮ ግን ድፈኑት። በማስቲሽ የራሰ ጨርቅ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ይጣል። ማስቲሽ ተቀብቶ እስኪደርቅ የሚጠብቀውን ጫማ ከአጠገባችሁ አታከማቹ፤ በአየር መውጫው በኩል መደርደሪያ ሥሩለት። በሥራው ክፍል ውስጥ የምታድሩ ወጣቶች መኖራችሁን አውቃለሁ፤ ማታ በሩ ሲዘጋ የቀኑ ትነት ከእናንተ ጋር ስለሚዘጋ፣ በቀኑ የስምንት ሰዓት ሥራ ላይ ሌላ ስምንት ሰዓት መጨመር ይሆናል። ማደሪያችሁን መለየት ካልተቻለ ቢያንስ ማስቲሹና ገና ያልደረቀው ጫማ ከክፍሉ ወጥቶ ይደር።

4ኛ፤ አፍንና እጅን ጠብቁ

ቤንዚን በጎማ ቱቦ በአፍ መሳብ በጋራዥ ዘንድ እንደ ሙያ ይቆጠራል፤ ነገር ግን አንድ ጉንጭ ስቶ ወደ ሳንባ ቢገባ በዚያው ቀን ሕይወትን ሊያሳጣ የሚችል ድርጊት ነው። የእጅ ፓምፕ ግዙ።

በቤንዚን እጅ መታጠብም እንዲሁ ይቅር። ቅባቱን ስለሚያነሣው እጁ የነጻ ይመስላል፤ ነገር ግን የቆዳውን የተፈጥሮ ቅባት አሟሙቶ ይሰነጣጥቀዋል፤ በተሰነጠቀ ቆዳ ደግሞ ቤንዜን በቀላሉ ይገባል። በምትኩ ፈሳሽ ሳሙና ከጥቂት ሰጋቱራ ወይም ስኳር ጋር አሹበት፣ ከዚያም በውኃ ታጠቡ። እኛ በእጃችን የምንጎርስ ሰዎች ስለ ሆንን፣ ከምሳ በፊት በሳሙና መታጠብ ለሌላው ከሚያስፈልገው ይልቅ ለእኛ ያስፈልገናል፤ ምግቡም ከሥራው ክፍል ውጭ ይበላ። ቱታችሁን በሥራ ቦታ አውልቁ፤ ቤት ወስዳችሁ ከልጆች ልብስ ጋር አትዘፍዝፉ።

በሐኪም ቤት የሚለበሰው ቀጭን ጓንት ከቆሻሻ ይከላከላል እንጂ ቤንዜንን አይገታም፤ ፈሳሹ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አልፎት ይገባል። ጓንት ለብሳችሁ ከሆነ በራሰ ጊዜ ወዲያው ለውጡት፤ የራሰ ጓንት መርዙን ከቆዳ ጋር አስሮ ስለሚያቆየው ከባዶ እጅ የባሰ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ስለ ወተት መናገር ግድ ነው። ቀለምና ቤንዚን የሚነካ ሠራተኛ ወተት ከጠጣ መርዙ ይታጠብለታል የሚለው እምነት በብዙ የሥራ ቦታ ሥር ሰዷል፤ አሠሪውም ወተት በመስጠቱ ግዴታውን የፈጸመ ይመስለዋል። ወተት መልካም ምግብ ነው፤ ነገር ግን የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፣ ትነቱ የሚገባው በሳንባ ነው፤ ከመቅኔ ውስጥ ቤንዜንን የሚያወጣ ወተት የለም። የወተቱ ገንዘብ ለአየር መውጫ ይዋል።

5ኛ፤ ማስክ የመጨረሻው መከታ ነው

በኮሮና ዘመን የለመድነው የጨርቅ ማስክም ሆነ የአቧራ ማስክ ትነትን ፈጽሞ አያስቀርም። ለትነት የሚሆነው የከሰል ማጣሪያ የተገጠመለት፣ አፍንጫና አፍን ግጥም አድርጎ የሚይዝ የጎማ ማስክ ነው፤ ጺም ካለ ግን በጎን ያስገባል። ማጣሪያው ዘላለማዊ አይደለም፤ ሳትጠቀሙበት እንኳ ከአየሩ እየሳበ ይሞላልና፣ ከሥራ በኋላ አፉ በሚዘጋ ፕላስቲክ ውስጥ አስቀምጡት፤ አምራቹ በወሰነው ጊዜም ለውጡት። ስፕሬይ ለሚቀቡ ይህ ግዴታ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ደግሞ ማስኩን አውልቆ በፈቃዱ ቤንዜን መሳቡን ይወቅ፤ የሲጋራ ጢስ ራሱ የቤንዜን ምንጭ ነው።

6ኛ፤ ደማችሁን በየዓመቱ አስቆጥሩ

ሲቢሲ የሚባለው የደም ሕዋሳት ቆጠራ በአብዛኛው ላቦራቶሪ የሚሠራ ቀላል ምርመራ ነው። ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት፣ ወይም አስቀድማችሁ ጀምራችሁ ከሆነ በዚህ ወር፣ ከዚያም በየዓመቱ አስመርምሩ፤ ውጤቱንም በደብተሩ ውስጥ ለጥፉት።

የመጀመሪያው ውጤት ለምን አስፈላጊ እንደ ሆነ ላስረዳ። በብዙ ላቦራቶሪ ወረቀት ላይ የታተመው መደበኛ የነጭ ሕዋስ ቁጥር በማይክሮሊትር ከ4,000 እስከ 11,000 ገደማ ሲሆን፣ የደም ማርጊያ ሕዋሳት የሆኑት ፕሌትሌት ደግሞ ከ150,000 እስከ 450,000 ናቸው። በብዙ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ግን የነጭ ሕዋስ ቁጥር፣ ያለ ምንም በሽታ፣ በተፈጥሮ ከዚህ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተነበበ ዝቅተኛ ቁጥር ብቻውን የቤንዜን ጉዳት ነው ማለት አይቻልም፤ የአምናው 5,200 የነበረው ዘንድሮ 3,100 ከሆነ ግን፣ በተለይም ፕሌትሌቱና ቀዩ ሕዋስ አብሮ ከወረደ፣ ይህ መውረድ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ሐኪሙ ይህን ሊያይ የሚችለው የቀድሞው ወረቀት በእጃችሁ ሲኖር ነው።

7ኛ፤ ምልክት ሲታይ ሥራችሁን ለሐኪም ተናገሩ

ምክንያቱ የማይታወቅ ድካምና የፊት መገርጣት፣ ቶሎ ቶሎ የሚመላለስ ትኩሳት፣ የድድና የአፍንጫ መድማት፣ ሳይመቱ የሚታይ የቆዳ መበለዝ ወይም እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ቀይ ነጠብጣቦች፣ የአጥንት ሕመም፣ በአንገትና በብብት የሚወጣ እብጠት፣ ሌሊት የሚያጠምቅ ላብ ከታየ ቀን አትቁጠሩ። እነዚህ ምልክቶች ከሌላ ቀላል ሕመምም ሊመጡ ይችላሉ፤ ለይቶ የሚነግራችሁ ምርመራው ነው። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም «እኔ ለዚህን ያህል ዓመት በማስቲሽና በቤንዚን ሠርቻለሁ» ብላችሁ ደብተሩን አሳዩት፤ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳን ወደመሰለ ትልቅ ሆስፒታል ሪፈር ከተባላችሁም ደብተሩ አብሯችሁ ይሂድ።

ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ከሆነ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው አደጋውን እንዲያስታውቃችሁ፣ መከላከያ ዕቃም እንዲያቀርብላችሁ ያዝዛል፤ ከሥራ የመጣን በሽታም በሥራ ላይ ከደረሰ ጉዳት ይቆጥረዋል። ከ18 ዓመት በታች ያሉ ወጣቶችንና ነፍሰ ጡሮችን ለእንዲህ ያለ ሥራ ማሰማራት አይገባም።

ከእነዚህ ሙያዎች ውጭ ሆናችሁ ለደም ካንሰር በሚያጋልጥ ሌላ ሥራ ላላችሁም ጥቂት ልጨምር። በራጅ ክፍል የምትሠሩ፣ የጨረር መለኪያችሁን በመሳቢያ አትተዉት፣ ልበሱት፤ ዓለም አቀፉ ወሰን በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው። ከፎርማሊን ጋር የምትውሉ የአስከሬን ክፍልና የላቦራቶሪ ሠራተኞች፣ ፎርማሊንም ሉኪሚያ ከሚያመጡት መካከል ስለሚቆጠር የአየር መውጫው ትምህርት ለእናንተም ነው። በአበባ እርሻ ያላችሁ፣ መድኃኒት በተረጨበት ቤት ውስጥ የተወሰነው ሰዓት ሳይሞላ አትግቡ፤ ማላታዮንና ዲያዚኖን የተባሉት ፀረ ተባዮች ሊምፎማ የተባለውን ካንሰር ያመጣሉ ተብለው ከሚጠረጠሩት ናቸው፤ ባዶ ጀሪካናቸውንም ለውኃ አታውሉት።

ነገ ጠዋት ገና ሥራ ሳትጀምሩ የማስቲሹን ቆርቆሮ ክዳን ፈልጉና ግጠሙት፤ በሩን እስከ ታች ክፈቱ፤ ከዚያም ደብተሩን አውጥታችሁ የዕለቱን ቀን ጻፉ።